ለጋሽ ሸምሱ ድንኳን የዘረጋሁት መብራት

ይህ የሆነው ባለፈው ዊንተር ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም ሆስፒታል አልገባም። ስለዚህ ለሰው ሳወራው ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ሬዲዮ ብከፍትም አይለቀኝም።

ብሩክ እባላለሁ። የምኖረው ሾርላይን፣ የምሠራው ኤቨረት ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞርኩ መብራት የምዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። አሁን ደግሞ ለአውሮፕላን የሚሆን ሽቦ በሚያዘጋጅ ወርክሾፕ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስቆርጥ፣ ስልጥና ስገጥም እውላለሁ። እኔ የገጠምኩትን ሌላ ሰው ያየዋል፣ ከሱ በኋላ ደግሞ ሌላ። በሥራዬ ተመስግኜ እንጂ ተወቅሼ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በኋላ ለሚመጣው ነገር አላወቅኩም ነበር የሚል ሰበብ እንደሌለኝ እንድታውቁት ነው።

ጋሽ ሸምሱ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ትንሽ ስቶር ያላቸው ሰው ናቸው። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ቀልድ የሚወዱ የስልጤ ሰው። በወጣትነታቸው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ከአጥማጆች ዓሣ እየተረከቡ ሲነግዱ ኖረዋል፤ ስለ ዓሣ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛቸው የሆኑ ፈረንጅ ሽማግሌ ከተራራው ማዶ ወዳለ ሐይቅ ወስደው፣ የረጋውን በረዶ በስቶ ማጥመድ አሳዩአቸው። ጋሽ ሸምሱ በዚያው ተለከፉ። ፈረንጁ እርጅና ሲጫናቸው ልጃቸው ወዳለበት ሞቃት ስቴት ሄዱ። ሲሄዱ ድንኳኑን፣ በረዶ መብሻውንና አንዲት ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ለጋሽ ሸምሱ ተዉላቸው።

መጀመሪያ ሲነግሩኝ፣ "ጋሼ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ ዓሣ መጠበቅ የእብድ ሥራ አይደለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ነው። ሁለት ከሆንን ግን እብድ አይሉንም፣ ማኅበር ነው የሚሉን። ና፣ አንድ ቀን እየው" አሉኝ።

ሄድኩ፣ ወደድኩት። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም። እኔ እሳቸው ያረዱትን አልበላም፣ እሳቸውም እኔ ያረድኩትን አይበሉም። ዓሣ ግን ማን አረደው፣ ምን ብሎ ባረከው የሚባል ነገር የለበትም። ከሐይቅ ስንመለስ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ምድጃ እንጠብስና ከአንድ ሳህን እንበላለን። ጋሽ ሸምሱ ይህቺን ነገር በጣም ይወዷታል። "ዓሣ ባይኖር እኔና አንተ ዕድሜ ልካችንን ሻይ ስንገባበዝ እንኖር ነበር" ይሉኛል።

ልጃቸው ሀያት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ከሷ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እንደ እንቁላል ነው የምትይዛቸው። በረዶ ላይ እንዲወጡ የፈቀደችው እኔ አብሬ ስለምሄድ ብቻ ነው። ለድንኳኑ መብራት ያስፈልጋል ሲባል ደግሞ "ብሩክ ከሠራው ኦኬ፣ እሱ ፕሮፌሽናል ነው" አለች። በጆሮዬ ሰማኋት። ደስም አለኝ።

ድንኳኑ በቀንም ጨለማ ነው። ውስጡ ጥቁር ሽፋን አለው፤ ከላይ ብርሃን ካልገባ በቀዳዳው ወደ ውሃው ውስጥ ማየት ይቻላል። ነገር ግን መንጠቆ ለማሰር ብርሃን የግድ ነው፣ በተለይ ዓይኑ ለደከመ ሰው። ጋሽ ሸምሱ እስከዚያ ድረስ አንድ ከባድ የመኪና ባትሪ እየጎተቱ፣ ከመኪና የፊት መብራት የተፈታ አምፖል ያበሩ ነበር። አምፖሉ ሃምሳ አምስት ዋት ይበላል። አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት ስለሆነ አጠገቡ መቀመጥ አይቻልም፤ ባትሪውንም እያሟጠጠ ከሰዓት ላይ ያጠፋዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ መብራት ሳይሆን ምድጃ ነው" አልኳቸው።

አሥር ዋት የማይሞላ የኤልኢዲ መብራት መረጥኩ፤ እንደ መቀነት ረጅምና ስስ የሆነውን፣ በጣሪያው ዙሪያ የሚለጠፈውን። ባትሪውን ብዙ አሰብኩበት። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ግን ውርጭ ላይ እያለ ቻርጅ ከተደረገ ይበላሻል። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ ዕቃቸውን ማሞቂያ በሌለው መጋዘን ጥለው፣ እዚያው ቻርጀር ሰክተው የሚረሱ ሰው ናቸው። ሶ ትንሽ፣ ድፍን፣ አሲዱ የማይፈስ የሊድ ባትሪ ገዛን። ብርድ የማንኛውንም ባትሪ ጉልበት ስለሚቀንስ ባትሪውን ኩለር ውስጥ አስቀመጥኩት። ቅዝቃዜ የሚይዝ ሳጥን ሙቀትም ይይዛል።

"ለባትሪም ጋቢ ደረብክለት በለኛ!" ብለው ሳቁብኝ።

እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ዛሬም ሰው ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመክራለሁ።

ሽቦው ቤቴ የተረፈ፣ ለስፒከር የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነው። ለኤልኢዲ ይበቃል። ቀጭን ሽቦ ግን ያለ ፊውዝ አይሄድም። ፊውዝ ማለት ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ቀድሞ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ነገር ነው። እኔም ከባትሪው አጠገብ አንዲት የመስታወት ፊውዝ ከነቤቷ ገጠምኩ።

ዓርብ ከሰዓት ከሱቁ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ላይ ድንኳኑን ተክለን ሞከርነው። ሽቦውን በዘንጎቹ ላይ እያሰርኩ፣ ሁሉም ዘንጎች በሚገናኙበት የጣሪያው ብረት በኩል አሳለፍኩት። መብራቱ ቦግ አለ። ጋሽ ሸምሱ "ማሻአላህ! ይሄ እኮ የሰርግ አዳራሽ ነው!" ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ አጣጥፈን እንደገና ስንተክለው መብራቱ እምቢ አለ። ፊውዙ ተቃጥሏል።

መለዋወጫ አልያዝኩም። የመኪና ዕቃ መሸጫው በመኪና አምስት ደቂቃ ነው። ጋሽ ሸምሱ ቁልፋቸውን አውጥተው "እንካ፣ ቶሎ ብለህ ገዝተህ ና" አሉኝ።

"ኧረ አያስፈልግም፣ አሁን አስተካክለዋለሁ" አልኩ።

አዲስ አበባ ፊውዝ ሲቃጠል ሱቅ የሚሄድ ሰው አላውቅም። ከገመድ ላይ አንድ የመዳብ ክር መዘዝ አድርጎ፣ በተቃጠለው ላይ ጠምጥሞ መመለስ ነው። ስንት ሰው ቤት እንደዚያ አድርጌ፣ ተመርቄ ወጥቻለሁ። እጄ የለመደው ይሄንን ነው። ሦስት ክር መዘዝኩ፣ አንዱ ቶሎ እንዳይበጠስ ብዬ። የመስታወቷን ፊውዝ ጠመጠምኩባትና ወደ ቤቷ መለስኳት። መብራቱ በራ።

ፊውዙ ለምን ተቃጠለ ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ድንኳኑ ሲታጠፍ የጣሪያው ብረት ሽቦውን ነክሶት እንደነበር አገኘው ነበር። ሥራ ቦታዬ እንዲህ ባደርግ በዚያው ቀን ያሰናብቱኛል። ግን ይሄ ሥራ ቦታ አይደለም፤ የጋሽ ሸምሱ ጓሮ ነው፣ ሻይ ቀርቧል፣ ነገ ዓሣ ልናጠምድ ነው።

"ምን አድርገህ ነው?" አሉኝ።

"ትንሽ ነገር ነው፣ አለቀ" አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነስተን ተራራውን ተሻገርን። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። በረዶው ከአንድ ስንዝር በላይ ወፍሯል፤ ሌሎች ሰዎችም ራቅ ራቅ ብለው ድንኳናቸውን ተክለዋል። ነፋስ እንዳያስገባ የድንኳናችንን ጠርዝ ዙሪያውን በበረዶ ቀበርነው። መብራቱ ሠራ። ጋሽ ሸምሱ ያለ መነጽር መንጠቆ አስረው አሳዩኝ፤ ልጅ ሆነዋል። ቀትር ሳይደርስ ሰባት ዓሣ አወጣን፣ አምስቱ የእሳቸው ናቸው። ቁጥሩን እየደጋገሙ ሲያነሱብኝ ነበር።

ቀትር ላይ ሊሰግዱ ፈለጉ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ወጣሁላቸው። ሃያ እርምጃ ያህል ርቄ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ጀመርኩ። ነፋሱ በርትቶ ነበር፤ ድንኳኑ ከፍ ዝቅ ይላል።

ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። መጀመሪያ የማሞቂያው እንፋሎት መሰለኝ። ከዚያ ጠቆረ።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ሮጥኩ። በረዶ ላይ መሮጥ ደግሞ መሮጥ አይደለም፤ ሁለቴ ወደቅኩ። የበሩ ዚፕ በውርጭ ተይዟል። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ብጎትተው፣ ብጎትተው ወይ ፍንክች። የቀበርነውን በረዶ በእግሬ ረግጬ ገፋሁትና ጠርዙን አንስቼ በሆዴ ገባሁ።

መብራቱ ጠፍቷል። ከላይ ዘንጎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሦስቱ ክር አልበጠስ ብለው ሽቦው እንደ ፍም ቀልቷል፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ይንጠባጠባል፣ የጣሪያው ጨርቅ ተያይዟል። ጋሽ ሸምሱ በጉልበታቸው ሆነው እያሳሉ በሩን በእጃቸው ይፈልጋሉ። የሚፈልጉት ግን በተቃራኒው በኩል ነው። እግራቸውን ይዤ ጎትቼ አወጣኋቸው።

ተመልሼ ገባሁ። ጋዝ አለበት ብዬ ማሞቂያውን በእግሬ ወደ ውጭ መታሁት። ማሞቂያው የነበረው በሩ ጋ ነው፣ ከእሳቱ በጣም ርቆ፣ ያውም ጠፍቶ። ጋሽ ሸምሱ ከመስገዳቸው በፊት ሁልጊዜ አጥፍተው ያርቁታል። ይህን በዚያች ቅጽበት እንኳን ልብ ብያለሁ። ከዚያ ኩለሩን ከፍቼ ሽቦውን ከባትሪው ነቀልኩ፤ በረዶ በሁለት እጄ እየዛቅሁ ጣሪያው ላይ በተንኩ። እሳቱ ጠፋ።

ኩለሩን ከመዝጋቴ በፊት የፊውዙን ቤት ቆረጥኩና ኪሴ ከተትኩት። ማንም አልጠየቀኝም። ራሴ ነኝ የደበቅኩት።

ጋሽ ሸምሱ በካልሲ በረዶው ላይ ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ጀርባ ትንሽ ተቃጥሏል፤ ከዚያ በቀር ደህና ናቸው። "አልሐምዱሊላህ" ይላሉ ደጋግመው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ብሩኬ፣ ምን ነክቼ ነው?" አሉኝ።

ምን ሆኖ ነው አላሉም። ምን ነክቼ ነው ነው ያሉት። እኔ ስህተት እሠራለሁ የሚል በሐሳባቸውም አልመጣም።

"ማሞቂያው ቅርብ ነበር መሰለኝ" አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አውቃለሁ። ፈራሁ። "እሱ ፕሮፌሽናል ነው" የተባልኩት ሰውዬ ነኛ። ደግሞ ደህና ናቸው፣ ማሞቂያ ነው ቢባል ማንን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ።

ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ሲያስቡ ነበር። "አጥፍቼው አልነበረም እንዴ? አጥፍቼ ወደ በሩ የገፋሁት ይመስለኛል" ይላሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ምናልባት የገፋሁት ባለፈው ጊዜ ይሆናል" ይላሉ። እኔ መንገዱ ያንሸራትታል ብዬ ዓይኔን ከፊት አላነሳሁም።

ሀያት በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?" አለች። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ታሪኩን ያልሰማ ደንበኛ የለም። አንድ የማላውቃቸው እናት እጄን ይዘው መረቁኝ። ቆሜ ተመረቅኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሀያት አባቷን መከታተል ጀመረች። ሰው ጥፋት መፈለግ ከጀመረ ደግሞ አያጣም። አንድ ቀን የሱቁን ፍሪጅ ገርበብ አድርገው ትተውታል። አንድ ቀን የደንበኛ ስም ጠፍቷቸዋል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ እኔም ስም ይጠፋኛል። ግን እኔ ድንኳን አላቃጠልኩም፤ ማለቴ፣ አቃጠለ አልተባልኩም።

በመጀመሪያው ሳምንት የመኪናቸውን ቁልፍ ወሰደችባቸው። በሁለተኛው ቤት ያለውን የምድጃ ማዞሪያ ነቅላ ደበቀች፤ ለመርሳት ችግር የሚመረምር ዶክተር ጋም ቀጠሮ ያዘች። በሦስተኛው ሱቁን የሚረከብ ሰው ማፈላለግ ጀመረች። "አባ መርሳት ጀምሯል ብሩክ" አለችኝ በስልክ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። "አንተ ያን ቀን ባታወጣው…" እኔ "አይዞሽ" አልኳት። አይዞሽ!

እኔ ግን ከእሷ ይልቅ የማየው እሳቸውን ነበር። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ሻይ እጠጣለሁ። ቀልዳቸው ቀነሰ። የገንዘብ መልስ ሲሰጡ ሁለቴ ሦስቴ ይቆጥራሉ። በሩን ቆልፈው ትንሽ ሄደው ተመልሰው ይነካኩታል። ስለ ዓሣ አያነሱም። አንዴ ደንበኛ ሲወጣ ጠብቀው ጠጋ አሉኝ።

"ያየኸው አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም። ማሞቂያው በጣም ቅርብ ነበር?"

"ጭስ ስለነበር በደንብ አላየሁም ጋሼ" አልኩ።

"እኔ እኮ አሁንም አጥፍቼው ነበር ይለኛል። በዓይኔ ይታየኛል። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው" አሉ። "ያላደረግኩትን እንዳደረግኩ የሚነግረኝ ከሆነ፣ ይሄ ጭንቅላት ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?"

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሻዬን ጨርሼ ሄድኩ።

የተናገርኩት በሌላ ቀን ነው፣ የሐኪሙ ቀጠሮ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው። ከሰዓት ሱቁ ስገባ ጋሽ ሸምሱ ከሱቁ ጀርባ ነበሩ። ባንኮኒው ላይ የካርቶን ቁራጭ ተቀምጧል፤ በእጃቸው ጽሑፍ መስመር በመስመር ተጽፎበታል፤ አጠገቡ የራይት ምልክት አለ። ፍሪጅ ዘጋሁ። በር ቆለፍኩ። ማሞቂያ አጠፋሁ። ማሞቂያ አጠፋሁ። ማሞቂያ አጠፋሁ።

ሱቁ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ የለም።

ቁጭ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ሲመጡ ሀያትን ኮል እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው። "ምነው፣ ታመምክ እንዴ?" እያሉ ደወሉላት። ፋርማሲዋ ቅርብ ስለሆነ ወዲያው መጣች። ሁለቱም ባሉበት ነገርኳቸው። ፊውዙን፣ ሦስቱን ክር፣ የተነከሰውን ሽቦ፣ ኪሴ የከተትኩትን፣ ሁሉንም። ማሞቂያው በሩ ጋ እንደነበር፣ ጠፍቶ እንደነበርም ነገርኳቸው።

ሀያት በሐዘኔታ አየችኝ። "ለአባ ብለህ ነው አይደል?" አለች። "ገብቶኛል። ነገ ሐኪም ጋ ስለሚሄድ እንዳይከፋው ብለህ ነው። አንተ ደግ ልጅ ነህ።"

ይህን አልጠበቅኩም። በእኛ ባህል ሰው ለሽማግሌ ክብር ብሎ የሌለበትን ጥፋት ይወስዳል፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እሷም ያየችው ያንን ነው። አንድ ጊዜ የዋሸሁትን አምነው፣ እውነቱን ስናገር ይሉኝታ ነው አሉኝ። ጋሽ ሸምሱም አላመኑኝም። "ተው ብሩኬ፣ በራስህ ላይ አትናገር" አሉኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

"ድንኳኑ የት ነው?" አልኩ።

መጋዘን ውስጥ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ማንም አልከፈተውም። ጎትቼ አውጥቼ ፓርኪንጉ ላይ ዘረጋሁት። ጣሪያው መሐል ላይ፣ ብረቱ ዙሪያ፣ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ሽቦው ከብረቱ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ልባሱ ቀልጧል፤ ዘንጉ ላይ መስመር ሠርቷል። ከዚያ የበሩን በኩል ገለበጥኩላቸው። ማሞቂያው የነበረበት ጨርቅ ምንም አልሆነም። ጥላሸት እንኳን የለበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጃኬቴ ኪስ ያልወጣውን ፊውዝ ከነክሩ አውጥቼ ለሀያት ሰጠኋት።

ሀያት ጎንበስ ብላ ጨርቁን በእጇ ዳሰሰችው። ጣሪያውን አየች። ፊውዙን አየች። ፊቷ ሲለወጥ ቆሜ አየሁ።

ጋሽ ሸምሱ ግን ወደ እኔ አላዩም። በዝግታ በርከክ አሉና ያልተቃጠለውን ጨርቅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አርቄው ነበር" አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ "ሀያት፣ አርቄው ነበር! አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?" አሉ። እየሳቁ ነው። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አየን።

ሀያት የመኪናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። "አባ፣ ይቅር በለኝ" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጩኸት ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም።

"እሳቱን ተወው፣ ሰው ይሳሳታል" አለችኝ። "ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታየው ነበር። እዚህ እየመጣህ፣ ሻይ እየጠጣህ፣ ስታየው ነበር።"

እውነቷን ነው።

ጋሽ ሸምሱ ተነስተው መጡና ግንባሬን ሳሙኝ። "አላህ ይስጥልኝ ልጄ፣ ገላገልከኝ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። በጥፊ ቢመቱኝም እችለው ነበር። ያቃጠልኳቸው ሰውዬ አመሰገኑኝ።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ለአዲሱ ድንኳን ጋሽ ሸምሱ ባትሪ የሚገባበት፣ በቁልፍ የሚበራ ዝግጁ ፋኖስ ገዝተዋል፤ ሽቦም ፊውዝም የለውም። ሀያት ሰላም ትለኛለች፣ ሻይ ትቀዳልኛለች። ከዚያ በላይ አታወራኝም፤ አልፈርድባትም።

ጋሽ ሸምሱ ግን ዛሬም ለደንበኞቻቸው ያወራሉ። ከጭስ ውስጥ እንዳወጣኋቸው ያወራሉ፤ በመጨረሻም እውነቱን ራሴ መጥቼ እንደነገርኳቸው ያወራሉ። ሁለቱም ልክ ነው። በሁለቱ መሐል ያሉትን ሃያ አንድ ቀናት ግን አንድም ቀን አንስተዋቸው አያውቁም። እሳቸው ስለማያነሷቸው እኔ ጻፍኳቸው።